የቢቢሲው የድሮ ናርንያ (1988–1990)፦ ያ የጨርቅ አንበሳ ለምን አልለቀቀኝም?

ፋኖስ_በበረዶ (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ባለፈው ወር ከዘጠኝ ዓመት ልጄ ጋር የቢቢሲን የድሮ ናርንያ ከመጀመሪያው ክፍል እስከ አስራ ስምንተኛው አየነው። ስለሱ የማወራው ሰው አጥቼ ነው እዚህ የመጣሁት። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ለማያውቁት፣ ናርንያ አራት ወንድምና እህት፣ ፒተር፣ ሱዛን፣ ኤድመንድና ሉሲ፣ በአንድ ቁም ሳጥን አልፈው የሚገቡበት፣ እንስሳት የሚናገሩበት የተረት አገር ነው። ሲ. ኤስ. ሉዊስ የናርንያን ሰባት መጻሕፍት ከ1950 እስከ 1956 በየዓመቱ አንድ አንድ እያለ አወጣቸው። ቢቢሲ አራቱን ወስዶ የልጆች ተከታታይ ድራማ ሠራባቸው። በ1988 «አንበሳው፣ ጠንቋይዋና ቁም ሳጥኑ» በስድስት ክፍል መጣ። በ1989 «ልዑል ካስፒያን» በሁለት ክፍል፣ «የዶን ትሬደር ጉዞ» ደግሞ በአራት። በ1990 «የብር ወንበር» በስድስት። አንዱ ክፍል ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። የሚተላለፈው ከገና በፊት ባሉት እሁዶች ነበር። ገንዘቡ ትንሽ ነበር፤ በቪዲዮ ካሜራ ነው የተቀረጸው፣ ሲያዩት ያስታውቃል።

እኔ ያኔ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ለንደን ከገባን ሦስት ወር አልሞላንም። እኔና እናቴ አንዲት አሮጊት ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር። ቴሌቪዥኑ ያለው የሳቸው ሳሎን ውስጥ ነው፤ እሁድ ሲመሽ በሩን አንኳኩተው በእጃቸው ኑ ይሉናል። እንግሊዝኛ አንድ ቃል የለኝም። የገና ጾም ስለገባ እናቴ ከብስኩታቸው አትቀምስም፣ ሻዩን ብቻ ትቀበላለች። ኤድመንድ ከነጯ ጠንቋይ እጅ ያን የቱርክ ጣፋጭ፣ ሎኩም የሚሉትን፣ ተቀብሎ አፉን እስኪሞላ ሲበላ እናቴ ጠጋ አለችና «አየሽ? ከማይታወቅ ሰው እጅ የበላ ልጅ» አለችኝ። ቋንቋውን ሳታውቅ ታሪኩ ገብቷታል።

አሁን ወደ አንበሳው ልምጣ። ከአዲስ አበባ ስወጣ አንበሳ የማላውቅ ልጅ አልነበርኩም። አባቴ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ይወስደኝ ነበር። ሽታውን አውቀዋለሁ፤ ሲያገሳ ደረት ውስጥ ገብቶ የሚያንቀጠቅጠውን አውቀዋለሁ። ስለዚህ አስላን፣ የናርንያው አንበሳ፣ ብቅ ሲል እውነተኛ አለመሆኑን ወዲያው ነው ያየሁት። አፉ ከሚወጣው ቃል ጋር አይገጥምም። ሲራመድ የኋላ እግሩ የፊተኛውን እየጠበቀ ነው። የቤቱ ባለቤት አንበሳ በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁ ይመስለኛል፤ እኔ ግን አውቅ ነበር።

በኋላ ግን ያ ሌሊት መጣ፤ አስላን ሊገደል ወደ ድንጋዩ ገበታ የሚሄድበት። ሱዛንና ሉሲ ግራና ቀኝ አብረውት ይሄዳሉ፣ እጃቸው ጎፈሩ ውስጥ ነው። የሉሲ ጣቶች ጸጉሩ ውስጥ ሲሰምጡ ይታያል። ልጅቷ የያዘችው ነገር አለ፣ ክብደት አለው፣ ከእጇ ስር ይንቀሳቀሳል። አልቅሼ እናቴ ትከሻ ላይ ተደፋሁ። ባለፈው ወርም እዚያው ቦታ ላይ ስደርስ ጉሮሮዬ ተያዘ። ልጄ ዞር ብላ አየችኝና ዝም አለች።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። በዚህ ዘመን አንድ አንበሳ በኮምፒውተር ጸጉሩ እያንዳንዱ ተቆጥሮ ይሠራል። ያ በጨርቅና በስፖንጅ የተሰፋው ግን ከእኔ ጋር ሠላሳ ምናምን ዓመት ኖረ። እናንተስ?

አራዳው_ዳኛ

እህቴ ፋኖስ፣ አጻጻፍሽ ደስ ይላል፤ እውነቱን ስናገር ግን አትቀየሚኝ። እኔ ናርንያን ያወቅኩት በ2005ቱ የአንድሩ አዳምሰን ፊልም ነው። ወደ 180 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ሥራ ነው፣ አስላንን በድምፅ ሊያም ኒሰን ሆኖት። ከዚያ በኋላ አንድ ጓደኛዬ የቢቢሲውን ዲቪዲ አዋሰኝ። ሁለት ክፍል አይቼ መለስኩለት።

ቢቨሮቹ፣ ልጆቹን የሚረዱት ተናጋሪ የወንዝ እንስሳት፣ ሰው ናቸው። ጸጉራም ቱታ የለበሱ፣ ፊታቸው ላይ ጥርስ የተለጠፈላቸው ትልልቅ ሰዎች ናቸው። በሰማይ የሚበሩት ፍጥረታት በእጅ የተሳሉ ካርቱን ናቸው፤ ከስራቸው እውነተኛ ሰዎች ይሮጣሉ፣ አይገናኙም። ጦርነቱ ሜዳ ላይ ጥቂት ሰዎች ሲሯሯጡ ነው። ጠንቋይዋን የምትሠራው ባርባራ ኬለርማንም በየትዕይንቱ ትጮሃለች።

አንቺ ያለቀስሽው በአስላን ሳይሆን በስምንት ዓመት ልጅነትሽ፣ በስደትሽ፣ በእናትሽ ትከሻ ይመስለኛል። ያ የራሱ ክብር አለው። ግን ትዝታና ሥራ ለየቅል ናቸው።

ባለመርፌ

አራዳው፣ ልጄ፣ ስለ ቢቨሮቹ ያልከውን ልቀበልህ፣ ስለ አንበሳው ግን አልሰማህም። እኔ ቴአትር ቤት አልባሳት ክፍል ውስጥ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ነኝ። የእንስሳ ልብስ መስፋት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ ክር ውስጥ የማውቅ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

የዚያ አንበሳ ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ አይልሳ በርክና ዊልያም ቶድ-ጆንስ። ድምፁ ደግሞ የሮናልድ ፒካፕ ነው። አንድ አንበሳ ለመሆን ሦስት ሰው ማለት ነው። ውስጥ ያሉት አያዩም፤ ሙቀቱ አይቻልም፤ ፊት ያለው ሲቆም ኋላ ያለው በእስትንፋሱ ማወቅ አለበት። እኛ አንድ ጊዜ ለልጆች ቴአትር ጅብ ሠርተን ነበር፤ ቆዳው ጆንያ፣ ዓይኑ የመድኃኒት ጠርሙስ ክዳን፣ መንጋጋው ከውስጥ በሲባጎ የሚሳብ። ልምምድ ላይ ሁላችንም ስቀንበታል። በመክፈቻው ቀን ግን ልጁ ጅቡን ቀስ ብሎ እንዲያዞር ነገርነው። አንገቱን ብቻ፣ በጣም ቀስ ብሎ። ከፊት ረድፍ የነበረች ሕፃን ወንበሯን ትታ ወደ በሩ ሮጠች።

ምስጢሩ እዚያ ነው። አሻንጉሊት ብዙ ሲንቀሳቀስ ይጋለጣል፤ ሲረጋ ይነፍስበታል። አስላን የተሠራው እንዲረጋ ተደርጎ ነው። ይቆማል፣ ራሱን ያዞራል፣ ዓይኑን ይከድናል። ንጉሥ ስለሆነ መሯሯጥ የለበትም፤ ታሪኩ ራሱ ለሰፊዎቹ ጥሩ ነገር ሠራላቸው። ቢቨሮቹ ግን ይሮጣሉ፣ ምግብ ያቀርባሉ፣ ይከራከራሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ። በዚያ ልብስ ይህን ሁሉ ማድረግ አይቻልም። ስህተቱ የሰፊው አይደለም፣ ልብሱ የማይችለውን ሥራ የሰጠው ሰው ነው።

ደግሞ ወይዘሮ ቢቨርን የሠራችው ሌዝሊ ኒኮል እኮ ኋላ ዳውንተን አቢ የሚባለው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ወጥ ቤቷን የሆነችው ናት። ከዚያ ሁሉ ጸጉር ስር ሆና ደግነቷ ይታያል። አንድ ጊዜ የልብስ ስፌት መኪናዬን ይዤ ልሂድ ስትል ልብ ብላችሁ እዩዋት።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

እዚህ አሜሪካ ፒቢኤስ የሚባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ በ1989 «ወንደርወርክስ» በሚለው የቤተሰብ ዝግጅቱ አሳይቶታል። እኔ ግን ያየሁት ከሰፈር ቤተ መጻሕፍት በሚዋሰው የቪዲዮ ካሴት ነው። ካሴቱ ብዙ ሰው ስላየው ድምፁ አልፎ አልፎ ይዋጣል፤ የጄፍሪ በርገን ሙዚቃ ግን እንደዚያም ሆኖ ያምር ነበር። በርገን «ብራይድስሄድ ሪቪዚትድ» ለሚባለው የቴሌቪዥን ድራማም ሙዚቃ የሠራ ሰው ነው። ለልጆች ዝግጅት ብሎ አላሳነሰውም።

ጋሼ ባለመርፌ ያሉት ከራሱ ከሉዊስ ቃል ጋር ይገጥማል። በ1959 ለአንድ የቢቢሲ ባልደረባ በጻፈው ደብዳቤ ላይ መጻሕፍቱ በቴሌቪዥን በሰው ተዋናዮች እንዲሠሩ ፈጽሞ እንደማይፈልግ ገልጿል። ምክንያቱ እንስሳቱ ነበሩ። የሚናገር እንስሳ በትረካ ሲሰማ ያምራል፣ ወደሚታይ አካል ሲወጣ ግን ወይ መሳቂያ ይሆናል ወይ ቅዠት፣ ነው ያለው። ለሬዲዮ ችግር አልነበረበትም። ካርቱን ቢሆን ሌላ ጉዳይ ነው ብሏል። ሰው አንበሳ ለብሶ አስላን ይሁን ማለት ግን ለእሱ እንደ ስድበ እግዚአብሔር ነበር።

ሰውዬው በ1963 ስለሞተ ከዚያ በኋላ የመጣውን አላየም። በ1967 በእንግሊዝ ሌላ ጣቢያ ላይ በጥቁርና ነጭ አንድ ተከታታይ ተሠርቶ ነበር፤ አብዛኛው ጠፍቷል። በ1979 ካርቱን ወጣ። ቀጥሎ የመጣው ይሄ የቢቢሲው ነው። እና ሳየው ሁልጊዜ የማስበው፣ የሉዊስ ፍርሃት ለቢቨሮቹ ደርሶባቸዋል፣ መሳቂያ ሆነዋል። ለአስላን ግን አልደረሰበትም። ከሁለቱም መካከል አመለጠ። አንድ የልጆች ክፍል በትንሽ ገንዘብ ይህን ማድረጉ ቀላል አይደለም።

የላሊበላ_ልጅ

ሳይነሳ እንዳያልፍ። «አስላን» በቱርክኛ አንበሳ ማለት ነው። ሉዊስ ስሙን ያገኘው የአንድ ሺህ አንድ ሌሊት ተረቶች ትርጉም ግርጌ ማስታወሻ ላይ ነው። ይህንንም ለአንዲት ሕፃን አንባቢ በደብዳቤ ሲነግራት፣ በልቡ የነበረው የይሁዳ አንበሳ መሆኑን ጨምሮ ነግሯታል። ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳን በልጅነቱ በየሳንቲሙና በየበሩ ላይ ሲያይ ላደገ ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። እኔ መጽሐፉን ሳነብ ማንም ሳያስረዳኝ ነው የገባኝ። እንግሊዛውያን ጓደኞቼ በዩኒቨርሲቲ ነው የሰሙት።

አራዳው_ዳኛ

ይሄንን አላውቅም ነበር፣ አመሰግናለሁ። ጋሼ ባለመርፌም ስለ መርጋት የነገሩኝ ገብቶኛል፤ ዛሬ ማታ የአንበሳውን ክፍል መልሼ አያለሁ።

ግን ሌላ ነገር አለኝ። ካስፒያንን በሁለት ክፍል መጨረስ ምን ማለት ነው? አንድ ሙሉ መጽሐፍ በአንድ ሰዓት። ልጁ ከአጎቱ ቤተ መንግሥት ይሸሻል፣ ድንክዬዎቹን ያገኛል፣ ጦርነት ይሆናል፣ ያበቃል። የድንክዬውን የትራምፕኪንን ጨዋታ እንኳ ሳልጠግበው ነው ያለቀብኝ። ደግሞ ሦስቱን መጻሕፍት ጭራሽ አልነኳቸውም። ፈረሱና ልጁ፣ የጠንቋዩ የወንድም ልጅ፣ የመጨረሻው ጦርነት። የናርንያን አፈጣጠር ሳያሳዩ፣ አወዳደቁን ሳያሳዩ አቆሙ።

ፋኖስ_በበረዶ

አራዳው፣ በካስፒያን እስማማለሁ። ያሳዝነኛል፤ ከሁሉም የሚከፋው እሱ ነው፣ ያረፈ ትዕይንት የለውም። ዶን ትሬደር ላይ ሲደርሱ ግን ወደ ራሳቸው ይመለሳሉ። ሳሙኤል ዌስት ትልቁን ካስፒያን ሆኖ ሲቆም ንጉሥ ነው፣ ዋርዊክ ዴቪስም በዚያ የአይጥ ልብስ ውስጥ ሆኖ ሪፒቺፕን ጀግና አድርጎታል። በ2008ቱ ፊልም ላይ ይኸው ዋርዊክ ዴቪስ ድንክዬውን ኒካብሪክን ሆኖ ተመልሶ መጥቷል።

ትዝታ ነው ላልከኝ ግን ልመልስልህ፣ ምክንያቱም ቀኑን ሙሉ ሲያሳስበኝ ነው የዋለው። ልጄ ምንም ትዝታ የላትም። ለንደን ነው የተወለደችው፣ የ2005ቱን ፊልም ሁለት ጊዜ አይታለች። የመጀመሪያውን ክፍል ስንጀምር «ለምንድነው የማይሄደው?» ብላኛለች። ፊልሙ የሚጀምረው በጀርመን አውሮፕላኖች ቦምብ ነዋ፤ እዚህ ግን አራት ልጆች አንድ ትልቅ ቤት ይገባሉ፣ ዝናብ ነው፣ የሚሠሩት የላቸውም።

ከዚያ ሉሲ ተምነስ ዋሻ ገባች። ታውቃለህ አይደል፣ ከወገቡ በላይ ሰው ከወገቡ በታች ፍየል የሆነው፣ ጃንጥላና ጥቅል የያዘው። ሻይ ያፈላላታል፣ እንቁላል ያቀርብላታል፣ ዋሽንት ይነፋላታል፣ ትንሽ ቆይቶ ማልቀስ ይጀምራል። ይህ ሁሉ ሳይጣደፍ ነው የሚሆነው። ጄፍሪ ፔሪ ጽዋውን ሲያስቀምጥ እጁ ሲንቀጠቀጥ ለማየት ጊዜ አለህ። እኔ ያኔ ያለ እንግሊዝኛ የተከተልኩት በዚህ ነው። ሁሉም ከመድረክ የመጡ ስለሚመስሉ ቃሉን አንድ በአንድ ነው የሚያወጡት፣ ፊታቸው ከቃሉ ቀድሞ ይናገራል። «ሶሪ» የሚለውን ቃል ከተምነስ ነው የተማርኩት፤ በማግስቱ ትምህርት ቤት ገብቼ ተጠቀምኩበት።

ልጄም እዚያ ላይ ዝም አለች። ከሦስተኛው ክፍል ጀምሮ ከሶፋው ወርዳ ምንጣፉ ላይ ቴሌቪዥኑ ስር ተቀመጠች። ፕሮፌሰሩ፣ ማይክል ኦልድሪጅ፣ ሱዛንንና ፒተርን ስለ ሉሲ ሲጠይቃቸው፣ ትዋሻለች ወይስ አብዳለች ወይስ እውነት ትናገራለች፣ ልጄ ለቴሌቪዥኑ ጮክ ብላ «እውነት!» ብላ መለሰች። በማግስቱ ጠዋት የኔን ቁም ሳጥን ከፍታ ካፖርቶቹን ወደ ጎን ገፍታ የኋላውን ጣውላ ስትነካ አገኘኋት። ፊልሙን ካየች በኋላ ይህን አላደረገችም። ምን እንደሆነ አላውቅም ብዬ አልሸሽም፤ የታየኝ ይሄ ነው፦ ፊልሙ ሁሉንም ስላሳያት ለእሷ የሚሠራ ነገር አልተረፈላትም። ይሄኛው ግማሹን ሰጣት፣ ግማሹን ራሷ ሞላችው።

ቅዳሜ_ፊደል

እህት ፋኖስ፣ ያንን የመጨረሻውን ስታነሺ አባባ ተስፋዬ ትዝ አሉኝ። ምን ነበር የነበራቸው? ወንበር፣ ከፊታቸው የተቀመጡ ልጆች፣ ድምፃቸው። «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ብለው ይጀምራሉ፣ ጅቡም ጦጣውም በሳቸው አንገትና ዓይን ይመጣል። እኛ ቤታችን ስንገባ ጅቡን አይተነዋል ብለን እንምላለን።

እኔ እዚህ አውሮፓ በቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤት ልጆች አስተምራለሁ፤ አስራ አንድ ልጆች አሉኝ፣ ከስድስት እስከ አስር ዓመት። ይህን ክር ካነበብኩ በኋላ የመጀመሪያውን ክፍል ድምፁን ዝቅ አድርጌ በአማርኛ እየተረክሁ ላሳያቸው አስቤያለሁ። ቁም ሳጥን የሚለው ቃላችን ከነሱ ይበልጥ ያምራል፤ ቆሞ የሚጠብቅ ነገር ይመስላል። ጎፈር የሚለውን ቃልም በዚያው ይማሩታል። የቸገረኝ «የብር ወንበር» ላይ ያለው ፐድልግለም ነው፣ እሱ ጋ ብንደርስ ስሙን ምን ልበለው?

ሲልቨር_ስፕሪንግ

መምህርት፣ ስሙን እንዳለ ይተዉት። ሰውዬውን ካዩ ስሙ ይገባቸዋል። ቶም ቤከር ነው የሠራው፣ ከ1974 እስከ 1981 «ዶክተር ሁ» በሚለው የቢቢሲ ተከታታይ ላይ ዶክተሩን የሆነው። ረጅም ባርኔጣ፣ የረግረግ ቀለም የመሰለ ፊት፣ ሁሌም ክፉውን የሚጠብቅ። ዛሬ ፀሐይ ወጣች ብትለው ነገ ጎርፍ ነው ይላል። ልቡ ግን ከሁሉም የጸና ነው። ለእኔ ከአስራ ስምንቱ ክፍል ውስጥ ትልቁ ነገር ያ ሰው ነው፣ ከአንበሳውም ይበልጣል።

ፋኖስ_በበረዶ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልቤን ነካኸው። የፐድልግለምን አንድ ትዕይንት ላላየው ልንገረው፣ ምክንያቱም የጀመርኩት ጥያቄ መልሱ እዚያ ያለ ይመስለኛል።

ከመሬት በታች ነው። ሁለቱ ልጆች፣ ጂልና ዩስታስ፣ ሊያድኑት ከመጡለት ልዑልና ከፐድልግለም ጋር አረንጓዴዋ እመቤት የምትባለው ጠንቋይ ክፍል ውስጥ ናቸው። እመቤቲቱን የምትሠራው ያችው ባርባራ ኬለርማን ናት፤ አራዳው፣ እዚህ ላይ አትጮህም፣ በሹክሹክታ ነው የምታወራው፣ እና ከጩኸቱ ይበልጥ ያስፈራል። እሳቱ ላይ የሚያፈዝ ዱቄት ትነሰንስበታለች። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ ትጠይቃቸዋለች። ፀሐይ ምንድን ናት? እነሱም እንደ መብራት ናት፣ ግን የትም ያልተሰቀለች፣ ይሏታል። እንግዲህ መብራት አይታችሁ ትልቅ መብራት አለማችሁ፣ ፀሐይ አላችሁት፣ ትላቸዋለች። አንበሳስ? እንደ ትልቅ ድመት ነው። ድመት አይታችሁ ትልቅ ድመት አለማችሁ፣ አስላን አላችሁት። አንድ በአንድ እየፈዘዙ፣ ፀሐይ የለችም፣ ናርንያ የለም፣ አስላን የለም እያሉ ከአፏ ተቀብለው ይደግማሉ።

ፐድልግለም ተነሥቶ ወደ እሳቱ ይሄዳል። በባዶ እግሩ ይረግጠዋል። የተቃጠለ እግር ሽታ ይነሣል፣ ድግምቱ ይሰበራል። ከዚያ ቶም ቤከር ፊቱ በሕመም ተጨማዶ ይናገራል። በኔ አባባል እንዲህ ነው፦ ይሁን፣ ሁሉንም የፈጠርነው እኛ ነን እንበል፤ ዛፉንም፣ ፀሐዩንም፣ አስላንንም። እንግዲያውስ የፈጠርነው ካንቺ እውነተኛ ዓለም ይበልጣል። እኛ የምንጫወት ሕፃናት ብንሆን እንኳ የልጆች ጨዋታ ዓለምሽን ባዶ አስቀርቶታል። አስላን ባይኖርም ከአስላን ወገን ነኝ።

ይህን የሚናገረው ፊቱ በቀለም የተለቀለቀ፣ ጣቶቹ በላስቲክ የተያያዙ ሰው ነው፣ ከቦርድ በተሠራ የሚመስል ዋሻ ውስጥ ቆሞ። ስለ ማን ነው የሚናገረው? ሁለት ሰው ውስጡ ስላለበት የጨርቅ አንበሳ ነው። እና አንዲት ጡንቻ ፊቱ ላይ አትወላውልም። ከቦርዱ ወዲያ ሌላ ዓለም እንዳለ የሚያውቅ ሰው ነው የሚመስለው። ስምንት ዓመቴ ላይ አንበሳው ጨርቅ መሆኑን እያወቅኩ ያለቀስኩት ሞኝ ሆኜ አልነበረም። አብረውት የሚሠሩት ሁሉ፣ ሉሲ ጣቶቿን ስታስገባ፣ ፐድልግለም እግሩን ሲያቃጥል፣ አምነውታል። እኔን አታልለው ሳይሆን አምነው ጋበዙኝ።

አራዳው_ዳኛ

አየሁት። የድንጋዩን ገበታ ክፍልና ይህን የብር ወንበሩን። ቢቨሮቹን አሁንም አልወደድኳቸውም፣ በሰማይ የሚበሩትንም እንደዚያው። ግን አስላን ተኝቶ ሳለ ሁለቱ ልጆች ፊቱን ሲያቅፉት ዲቪዲውን አቁሜ ትንሽ ተቀመጥኩ። የ2005ቱ ላይ እዚያ ቦታ አልቆምኩም ነበር። ጓደኛዬን ደውዬ ዲቪዲውን በስንት ትሸጥልኛለህ አልኩት።

አንድ ጥያቄ፣ ያ ኬር ፓራቬልን፣ የናርንያ ነገሥታትን ቤተ መንግሥት፣ የሆነው ግንብ እውነተኛ ነው? በዚያ ገንዘብ ያን የመሰለ ግንብ ከየት አመጡ?

ሲልቨር_ስፕሪንግ

እውነተኛ ነው። ዌልስ ውስጥ ያለው የማኖርቢር ግንብ ነው፣ ከባሕሩ ዳር። ዛሬም ለጎብኚ ክፍት ነው። ለዚህ ነው የዘውዱ ትዕይንት ላይ ድንጋዩ የሚከብደው፣ ድንጋይ ስለሆነ።

ባለመርፌ

ሲያቅፉት አቆምክ አይደል? ያኔ ውስጥ ያሉት ሰዎች ትንፋሻቸውን ይዘው ነው። የሞተ እንስሳ መሆን ከሁሉም የሚከብደው ነው። ይሄን የሚያውቅ የሠራው ብቻ ነው።

ቅዳሜ_ፊደል

እንደምን አላችሁ፣ ቃል የገባሁትን ላድርስ። ያሰብኩት የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነበር። ልጆቹ እምቢ ብለው በሦስት ቅዳሜ እስከ አስላን አደረሱኝ። ድምፁን ቀንሼ በአማርኛ ተረክሁላቸው፤ አንዳንዴ ጠፍቶብኝ ቆም ስል ራሳቸው ይሞሉታል፣ ከፊሉ በአማርኛ ከፊሉ በሌላው። ሎኩሙ ጋ አንዷ «ውስጡ መርዝ አለው» አለች፣ አልነገርኳትም።

አንበሳው ሲገባ ክፍሉ ጸጥ አለ። የሰባት ዓመቱ ልጅ ወደ ጓደኛው ዘንበል ብሎ «ውስጡ ሰው አለ እኮ» አለው። ጓደኛው ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ «ዝም በል፣ ይሰማሃል» አለው።